ሽማግሌዎቹ የቆሙበት እሑድ

እትዬ የሺሃረግ እንግዳ ይመጣል ሲባሉ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ያድሳሉ። ሽማግሌ ሊመጣ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሳሎኑን ቀለም አስቀቡ፣ መጋረጃውን ቀየሩ፣ የሶፋውን ልብስ አስወልቀው አዲስ አሰፉ፣ በረንዳው ላይ የተሰነጠቀችውን ሸክላ ሳይቀር አስነቅለው ሌላ አስተከሉ። ዓርብ ዕለት "የቀረ ነገር ይኖር ይሆን?" ብለው ሲዘዋወሩ ኮምፒውተሩ ላይ ደረሱ። ኮምፒውተሩ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አዲስ ሲስተም ልጫን እያለ ይጠይቃል። ልጃቸው ናፍቆት በጠየቃት ቁጥር "ሌላ ጊዜ" የሚለውን ነክታ ታልፈዋለች። እናትየው አንድ ቀን "ይኼ ነገር ዘወትር ምንድነው የሚለምንሽ?" ብለው ቢጠይቋት "አድሱኝ ነው የሚለው" ብላቸው ነበር። እንግዲህ ቤቱ ሁሉ ታድሶ እሱ ብቻ በአሮጌው ሊቀር ነው? እትዬ የሺሃረግ እሺ የሚለውን ነኩለት።

እኔ የዚያ ቤት ተከራይ ነኝ። ለሚ እባላለሁ፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ የአፈር ሳይንስ አስተምራለሁ። እትዬ የሺሃረግ ዘንድ ግን ዩኒቨርሲቲ ማለት አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ ያ ሰው የማያውቀው ነገር የለም። ስለዚህ ፍሪጁ ሲንተፋተፍ፣ የመብራት ቆጣሪው ሲያብድ፣ ድመቷ ምግብ እምቢ ስትል የሚጠራው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ቢመረኝ "እትዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው አፈር ነው" አልኳቸው። "ታዲያ ሁሉስ ከአፈር አይደል?" አሉኝ።

የሽማግሌው ጉዳይ እንዲህ ነው። ናፍቆት መናኸሪያው አጠገብ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። አሪቻ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሠራ ይዲድያ የሚባል የጌዴኦ ልጅ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ከተማው ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ ነው። የቀረው ወግ ብቻ ነበር። ወጉን የሚቀበለው አባት ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ ይኖራል። ሙሉዓለም ይባላል። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባኝ ነበር፤ በስክሪን ብቻ የማየውን ሰው አንቱ በል ስለው አፌ አይታዘዘኝም። ናፍቆት ፊደል ሳትቆጥር ነው የሄደው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ብቻ መጥቶ፣ ይህንን ኮምፒውተር አስቀምጦ፣ ተመልሷል።

ሌላ ቤት ቢሆን አጎት ተተክቶ ነገሩ ያልቅ ነበር። ሙሉዓለም ግን "እኔ በሕይወት እያለሁ ልጄን የሚድር ማነው?" ብሎ ወንድሞቹ ከሸዋ እንዳይመጡ ከለከለ። ናፍቆትም የአባቷ ልጅ ናት፤ "አባቴ በአፉ ካልሰጠኝ አላገባም" ብላ ችክ አለች። ሁሉም ነገሯ ለስላሳ ነው፤ በዚህ ነገር ላይ ግን ድንጋይ ናት። ባለፈው ዓመት ሽማግሌ ተልኮ ያን ቀን አባትየው ስልክ ሳያነሣ ውሎ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳመጣጣቸው ተመልሰዋል። ዘመኑ ደግሞ ሽማግሌ ሰባት ጊዜ የሚመላለስበት ዘመን አይደለም። የይዲድያ ቤተሰቦች ለሁለተኛ ጊዜ እንደሚልኩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ግን ፊታቸውን እንደማያዋርዱ በሰው በኩል አሰምተዋል። ስለዚህ የዚያ እሑድ ነገር ግልጽ ነበር። ሙሉዓለም በአፉ ይናገራል፤ ካልተናገረ ናፍቆት ይዲድያን ታጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ተጠራሁ። ስክሪኑ ላይ የተደፋውን ዳንቴል ገልጬ ሳየው ኮምፒውተሩ በእርግጥም ታድሷል። ፊደሎቹ ትንኝ አክለዋል፤ ግራ ጥግ የነበሩት ነገሮች ሁሉ መሀል ተሰብስበዋል፤ የአማርኛ መጻፊያው የለም፤ የእትዬ የሺሃረግ መዝሙሮች ያሉበት ፎልደር ገብቶ የተደበቀበት አይታወቅም። እሳቸው ከኋላዬ ቆመው "ሌባ ገብቶ ምንም ሳይወስድ ዕቃ አዘዋውሮ የሄደ ነው የሚመስለው" አሉ።

"ማን ነካው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ። እንግዳ ሊመጣ አይደል እንዴ?"

አንድ በአንድ ያዝኩት። ፊደሉን አሳደግኩ። መዝሙሮቹን ፈልጌ አወጣሁ። ካሜራውን አዲሱ ሲስተም አላውቀውም ብሎ ነበርና ለእሱ የሚሆነውን ፕሮግራም አውርጄ ጫንኩለት፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ናፍቆት ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች። የአማርኛውን መጻፊያ ለሌላ ቀን ተውኩት። ሙሉዓለምን ለማናገር መጻፍ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

ቀጥሎ ሙከራ አደረግን። እኔ ክፍሌ ገብቼ በስልኬ ደወልኩ፤ ናፍቆት ሳሎን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

"ይሰማል?" አልኩ።

"ይሰማል! የኔስ?" አለች።

"ጥርት ብሎ!"

ተደሰትን፤ ዘጋን። የኔ ክፍል ከሳሎኑ የምትለየው በቺፕውድ ነው። እትዬ የሺሃረግ ሳሎን ሆነው ሲያስነጥሱ አልጋዬ ላይ ሆኜ "ይማርዎት" የምል ሰው ነኝ። ይህም ሆኖ የተሰማማነው በኮምፒውተሩ ሳይሆን በግድግዳው መሆኑ ለሁለታችንም አልታየንም። ሁለታችንም ዲግሪ አለን።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው አቶ ተሾመ ናቸው፤ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ረጅም፣ ንግግራቸውን እንደ ሸማ አጣጥፈው የሚያስቀምጡ ሰው። ሁለተኛው የይዲድያ አጎት አቶ ባርናባስ ናቸው፤ ኮንጋ ላይ የቡና እርሻ አላቸው፣ ጉልበታቸው ያማቸዋል። ሦስተኛው አቶ ነስሩ ናቸው፤ ገበያ ውስጥ ከእትዬ የሺሃረግ ሱቅ ጎን ጨርቅ ይሸጣሉ። አቶ ነስሩን የይዲድያ ወገኖች የለመኗቸው አስበውበት ነው። ሱቅ ለሱቅ ተዋውሎ የሚኖር ጎረቤት ቆሞ ሲለምን እምቢ ማለት አይቻልም።

ሁሉም ሙሉዓለም የሚያነሣው የሃይማኖት ነገር ነው ብሎ ተዘጋጅቷል። ናፍቆት ኦርቶዶክስ ናት፤ ይዲድያ ፕሮቴስታንት ነው። ልጆቹ በመካከላቸው ጨርሰውታል፤ አቶ ተሾመ ግን አባትየው ቢጠይቅ የሚመልሱትን በልባቸው ይዘው መጥተዋል። ከበሩ ሲገቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከጥግ አውጥተን አባወራው በሚቀመጥበት ቦታ፣ ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነዋል። ሁለቱ ትናንሽ ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኙን ይዘዋል። እትዬ የሺሃረግ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው። ናፍቆት እንደ ወጉ ጓዳ ናት፤ መጋረጃው ሥር ጫማዋ ይታያል። እኔ ማውሱን ይዤ ከጎን ተቀምጫለሁ።

ደወልኩ። አነሣ። መጋረጃው ሥር ያለው ጫማ ተንቀሳቀሰ።

ሙሉዓለም ስክሪኑን ሞልቶ ታየ። ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ጸጉሩን ቀለም ነክሮታል፤ ከኋላው የሳሙናና የዘይት መደርደሪያ አለ። ሽማግሌዎቹ ባርኔጣቸውን አውልቀው ለኮምፒውተሩ እጅ ነሡ። አቶ ባርናባስ ሁለት ጊዜ ነሡ፤ አንዱን ለካሜራው ይመስለኛል።

"ጤና ይስጥልን አቶ ሙሉዓለም!" አሉ አቶ ተሾመ።

ሙሉዓለም ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ የለም። እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

"ጤና ይስጥልን!" አሉ አቶ ተሾመ ጮክ ብለው። ደቡብ አፍሪካ ሩቅ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አጯጯህ ነው።

ምንም የለም። ሙሉዓለም ጆሮውን በጣቱ አመልክቶ ራሱን ወዘወዘ። እኔም ጆሮዬን አመለከትኩት። ሁለታችን ፊት ለፊት ተቀምጠን ጆሯችንን ስንጠቋቆም ትንሽ ቆየን።

ወጉን የሚያውቅ ሰው ችግሩ እዚህ ላይ ገብቶታል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጉዳዩን ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ መልስ ይጠብቃል፤ የቤቱ ባለቤት ቃሉን ሰምቶ "ተቀመጡ" ሲል ነው የሚቀመጠው። የቤቱ ባለቤት ስክሪን ላይ ነው፤ እሱ እኛን አይሰማም፤ እኛም እሱን አንሰማም። ሦስት አዛውንት አዲስ በተሰፋ ሶፋ ፊት ቆመው ቀሩ።

"ኧረ ለጊዜው እንኳ አረፍ በሉ" አሉ እትዬ የሺሃረግ።

"ግድ የለም" አሉ አቶ ተሾመ። "ቃል ስናገኝ እንቀመጣለን።"

የድምፅ ማጉያዎቹን ገመድ ነቅዬ ሰካሁ። ከኋላ ነቅዬ ከፊት ባለው ቀዳዳ ሞከርኩ። ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍ አደረግኩ። ዝም። አቶ ነስሩ ቀረብ ብለው ጎንበስ አሉ።

"እኔ ሱቅ ያለው ቴሌቪዥን እንዲህ ሲያደርገው ከኋላው መታ መታ ሳደርገው ይመለሳል" አሉ።

"ይኼ አዲስ ነው፣ አይመታም" አሉ እትዬ የሺሃረግ። ያደሱት እሳቸው ስለሆኑ ተሰምቷቸዋል።

"ልጅቷ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ጥሩ ነው፣ ሰዎቹ ጥሩ ናቸው" አሉ አቶ ባርናባስ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ። "ይሄ ዕቃ ብቻ ነው ሰላም የላት።"

በእንግሊዝኛ ፊደል አማርኛ ጻፍኩለት፤ ድምፅ የለም፣ ትንሽ ይጠብቁን ብዬ። ሙሉዓለም ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠግቶ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ መልሶ ራቀ።

"መነጽሩን አውልቆ ነው!" አለች ናፍቆት ከመጋረጃው ኋላ። "ሽማግሌ ፊት በመነጽር አልቀርብም ብሏል። ያለ መነጽር አያነብም!"

እትዬ የሺሃረግ በስልካቸው ሊደውሉለት ሞከሩ። ሰውየው በቪዲዮ የሚታየው በዚያው ስልክ ነው፤ ጥሪው ሲገባ ምስሉ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ። ደንግጠው አቋረጡት፤ ሙሉዓለም ተመልሶ ነፍስ ዘራ። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም የታወቀው መድኃኒት ሁሉን አጥፍቶ ማብራት ነው። አፈር የሚያስተምር ሰው እንኳ ያውቀዋል።

"ልዝጋውና ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ላብራው፣ ከዚያ እንደገና እንደውላለን" አልኩ።

"እንዳትዘጋው!" አለች ናፍቆት። መጋረጃው ተወዛወዘ። "ለሚ፣ በእመቤቴ እንዳትዘጋው። ከተዘጋ አያነሣም።"

አቶ ተሾመ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። እኔ በዚያች ሰዓት አባቷን ከሁላችን በላይ የምታውቀው እሷ ናት ብዬ አሰብኩ፤ ደስ የሚል እውቀት አልነበረም።

እንግዲህ ሳይዘጋ መሠራት አለበት። የድምፁን ማስተካከያ ከፍቼ ከላይ ጀምሬ አነበብኩ። ቅዳሜ ያሳደግኩት እዚህ አልደረሰም፣ ፊደሉ አሁንም ትንኝ ነው፤ ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ነገሩ ሲገኝ የሚያናድድ ነበር። አዲሱ ሲስተም ሲጫን ማንንም ሳያማክር ድምፅ የሚወጣው በስክሪኑ በኩል ነው ብሎ ወስኗል። ስክሪኑ ደግሞ ድምፅ ማውጫ የለውም። ሙሉዓለም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲናገር የነበረው አፍ ለሌለው ዕቃ ነው። ድምፅ ማጉያዎቹን መርጬ ነካሁ። ቅዳሜ ግድግዳውን ይዘን ባንሞክር ኖሮ ያን ቀን ይገኝ ነበር።

ከሥሩ ሌላ ነገር አየሁ። ማይክራፎኑም ተዘግቷል። ሲስተሙ ለደኅንነታችሁ ብሎ ለማንም ፕሮግራም እንዳይሠራ ከልክሎታል። አንድ መክፈቻ አለችው፤ ብነካት ይከፈታል። ጣቴን ወደዚያ ስሰነዝር፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ተንኮሻኮሹና ሳሎኑ ውስጥ የሰው ድምፅ ገባ።

"...ምንም የለም ባክህ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ አይሰማም። እነሱም እኔን አይሰሙኝም።"

ሙሉዓለም ነው። ፊቱን ከስልኩ ወደ ጎን አዙሯል። ጠቋቁሞ ሰልችቶት፣ እዚያ ሱቁ ውስጥ ለእኛ የማይታየንን ሰው እያዋራ ነበር።

"ታዲያ ዝጋዋ" አለ ሌላው ሰው።

"ብዘጋው ሸሸ ይሉኛል። እንዲሁ ይቆይ። ኔትወርክ ነው ይባልና ያልቃል።"

ሌላው ሳቀ። "ልጅህን አትድርም እንዴ ሰውዬ?"

"ምን ብዬ ልዳራት? እሺ ስል 'ሠርጉ መቼ ይሁን፣ አንተስ መቼ ትመጣለህ?' ይመጣል። እኔ እንደማልመለስ አንተ ታውቃለህ፤ እነሱ አያውቁም። ክረምቱ ይለፍ እላቸዋለሁ። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ሌላ አላጣም። ልጁ ሲሰለቸው ሌላ ያገባል።"

"ልጅቷስ?"

ሙሉዓለም ትከሻውን ሰበቀ። "ልጅቷን መቼ አውቃታለሁ? የማውቀው ፎቶዋን ነው። ስትቆጣ ምን እንደምትሆን አላውቅ፣ ምን እንደምትበላ አላውቅ። እናቷን ቢጠይቁ ይሻላቸው ነበር። ግን እንዲህ ብል ደግሞ አባት አይደለም ይሉኛል።"

ሳሎኑ ውስጥ የሆነውን ለመናገር ቀላል አይደለም፤ ምንም አልሆነምና። አቶ ተሾመ ቀና ብለው ኮርኒሱን ማየት ጀመሩ።

"ቀለሙ ጥሩ ተቀብቷል" አሉ።

"እጁ የተባረከ ቀቢ ነው" አሉ አቶ ነስሩ። "ለኔም ሱቅ እሱን ነው የማመጣው።"

ይህ ጨዋነት ነው። ያልሰማ መምሰል በአገራችን ትልቅ ሙያ ነው፤ ሁለቱም የተካኑበት ናቸው። አቶ ባርናባስ ግን አልቻሉበትም። "አባት እንዲህ ይላል?" አሉ ለራሳቸው፤ ከዚያ በጌዴኦኛ የሆነ ነገር ጨመሩ። ምን እንዳሉ አልጠየቅኳቸውም።

እኔ ተናደድኩ። የማይመለከተኝ ሰው ነኝ፤ የቤት ኪራይ እከፍላለሁ፣ ፍሪጅ አያለሁ፣ ሌላ ነገር የለኝም። ግን ደሜ ፈላ። መክፈቻዋ ፊቴ ናት፤ ብነካት የምንለውን ሁሉ ይሰማል፤ ስሙን ጠርቼ ሰምተንሃል ልለው ፈለግኩ። የያዘኝ የእትዬ የሺሃረግ ፊት ነው። ይደነግጣሉ ብዬ ነበር። አልደነገጡም። ቀድመው የሚያውቁትን ዋጋ እንደገና የነገሯቸው ነጋዴ ነበር የሚመስሉት።

መጋረጃው ተገለጠ፤ ናፍቆት ወጣች።

ሽማግሌ እያለ ልጅት አትወጣም። ይህንን ከእሷ በቀር ሁላችንም ያሰብነው ይመስለኛል፤ ግን ማንም አልተናገረም። ለዚያ ቀን የተሰፋላትን ቀሚስ ለብሳለች። ዓይኗ ደርቋል። መጥታ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች።

"ለሚ፣ እኛን እንዲሰማን ማድረግ ትችላለህ?"

"እችላለሁ።"

"አድርገው።"

ነካኋት። ተከፈተ።

"አባዬ" አለች።

ሙሉዓለም ዘሎ ዞረ። ፊቱ ከሱቅ ፊት ወደ አባት ፊት እስኪለወጥ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። "ናፍቆቴ! ተሰማ! የኔ እናት! አሁን ገና ተስተካከለ?"

"አሁን ገና ነው" አለች።

ዋሸች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ውሸቷን ሰምተው ራሳቸውን በመነቅነቅ አጸደቁላት። እሑድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

"አባዬ፣ ሽማግሌዎቹ ቆመው እየጠበቁህ ነው" አለች ቀስ ብላ። "ለሠርጉ ና ብሎ የሚያስቸግርህ ሰው የለም። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሱቁንም የምትተውለት ሰው የለህም። አትምጣ። በአፍህ ብቻ ስጠኝ።"

ትልቅ ስክሪን ክፉ ነገር ነው። በስልክ ቢሆን ላናየው እንችል ነበር። የሙሉዓለም ግንባር ተፈታ፣ ትከሻው ወረደ፤ ሸክሙን ያወረደ ሰው የሚተነፍሰውን ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ያም ትንፋሽ በሁለቱ ድምፅ ማጉያዎች ጥርት ብሎ ተሰማ።

ከዚያ መረቀ። ሲመርቅ ያውቅበታል። ውለዱ ክበዱ አለ፤ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያኑራችሁ አለ፤ ቤታችሁ ከእንግዳ አይለይ አለ። የልጁን ስም አልጠየቀም። ሃይማኖቱን አልጠየቀም። አቶ ተሾመ ያን ሁሉ መልስ ይዘው ቆመው ቀሩ። "ሰጥቻችኋለሁ፣ ልጄን በደስታ ሰጥቻችኋለሁ" አለና መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ። እንባው እውነተኛ ነበር። ከሁሉ ያናደደኝ እሱ ነው።

"አሜን" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"በሉ ተቀመጡ እንጂ!" አለ ሙሉዓለም።

ወጉ አልቋል። ቃል ተሰጥቷል፤ ተቀመጡ ተብሏል። ናፍቆት የፈለገችውን አግኝታለች፤ አባቷ በአፉ ሰጥቷታል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች፤ ያገኘ ሰው ፊት ግን አልነበረም።

አቶ ተሾመ አልተቀመጡም። አቶ ባርናባስን አዩ፤ አቶ ባርናባስ ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ ነስሩን አዩ፤ አቶ ነስሩም ነቀነቁ። ከዚያ ሦስቱም ጀርባቸውን ለኮምፒውተሩ ሰጥተው፣ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ወደተቀመጡት ሴት ዞሩ።

"ወይዘሮ የሺሃረግ" አሉ አቶ ተሾመ፤ እንደ አዲስ እጅ ነሡ። "የመጣነው ልጅ ለመጠየቅ ነው። ልጅዎን ናፍቆትን ለልጃችን ለይዲድያ ይሰጡን እንደሆን ቆመን እንጠይቃለን።"

እትዬ የሺሃረግ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"እንዴ!" አለ ሙሉዓለም ከስክሪኑ። "ሰጠሁ እኮ! አቶ ተሾመ! ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ!" እጁን ጆሮው ላይ አደረገ። "ሄሎ? ድምፁ ጠፋ እንዴ? ሄሎ? አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩን እየው እንጂ!"

እኔን ነው። አየሁት። ድምፅ ማጉያዎቹ ይሠራሉ፤ ማይክራፎኑ ክፍት ነው፤ ኔትወርኩ ሙሉ ነው። የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

"ልዝጋው?" አልኳት ናፍቆትን በሹክሹክታ።

"ተወው" አለች። "ይስማ።"

እትዬ የሺሃረግ ተነሡ። እኚህ ሴት የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ዋጋ ቢጠየቁ እንኳ "አባቷ ያውቃል" ሲሉ የኖሩ ናቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉ። የተናገሩት ለሽማግሌዎቹ ነው፤ ስክሪኑን አላዩትም።

"ናፍቆት ስትቆጣ አትጮህም" አሉ። "ልብስ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ስታጥብ ካያችኋት ያስቀየማት ሰው አለ ማለት ነው። እንቁላል አትበላም፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሆዷ አይቀበልም። እንቅልፏ ቀላል ነው፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ትነቃለች፣ ያን ጊዜ አጠገቧ ሰው ሲኖር ደስ ይላታል። ይህንን ለልጃችሁ ንገሩልኝ።" ድምፃቸው ተሰበረ፤ ቆም ብለው ጠበቁትና ቀጠሉ። "ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እኔ ሰጥቻለሁ።"

ናፍቆት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። በዚያ ቀን ያለቀሰችው ያኔ ብቻ ነው።

ስክሪኑ ላይ ሙሉዓለም እጁን ከጆሮው አወረደ። ከዚያ በኋላ ሄሎ አላለም።